ክታቡ ላይ ስሟ የተጻፈው ሴት

ስለ ብራና መጻሕፍታችን ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ተሽቀዳድሞ ሄኖክ ላይ ይወድቃል። ታሪኩን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ጀምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጎንደር ከርሞ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ በ1773 አውሮፓ ገባ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ቅጂ ፓሪስ ቀረ፤ ሌላው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ የሚባል ሊቅ የኦክስፎርዱን ተርጉሞ በ1821 በእንግሊዝኛ አወጣው። አውሮፓ ቁርጥራጩን ብቻ ያውቀው የነበረ መጽሐፍ በግእዝ ሙሉው ተገኘ። ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን ሰለቸኝ። ዩቲዩብ ሲከፈት ሄኖክ፣ ቲክቶክ ሲከፈት ሄኖክ፣ ለቅሶ ቤት ቁጭ ሲባል እንኳ ሄኖክ።

እዚያው ቦድሊያን ውስጥ ማንም የማያወራለት ሌላ ብራና አለ። ከእነ ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) አንስቶ እስከ ዐፄ ገላውዴዎስ (1540–1559) ድረስ ለነበሩ አንዳንድ ነገሥታት የተዘፈኑ የውዳሴ ግጥሞች ተጽፈውበታል፤ ያውም በአማርኛ። ኢግናዚዮ ጉይዲ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ በ1889 አሳተማቸው፤ ዛሬ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲጻፍ ከሁሉ ቀድመው የሚጠቀሱት እነሱ ናቸው። ግጥም እንወዳለን፣ አማርኛ እንወዳለን፣ ነገሥታቱን ለመጥቀስማ ማን ይቀድመናል! እነዚህን ዘፈኖች ግን ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ስማቸውን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከአንድ መምህር ነው፤ እሱም ለፈተና አይመጣም ብሎ አለፈው።

ሁለቱን ያነሳሁት ወደ ሦስተኛው ለመድረስ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ልዩ ክምችት ሲባል ሰው የሚጠብቀው ሥዕል የሞላበት ወንጌል፣ የንጉሥ ደብዳቤ፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የቀረ ቅጂ ነው። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ከዚያ ሁሉ ታች ያለ ነገር ነው፤ ስም። ዜና መዋዕል ጸሐፊ ቁጥር ውስጥ ያላስገባው ተራ ሰው ስም።

የምኖረው ዋሽንግተን ዙሪያ ነው። በቀይ መስመር ባቡር ብሩክላንድን ያለፈ ሁሉ ጉልላቱ በቀለም ያጌጠውን ትልቅ ባዚሊካ አይቶታል፤ ከጎኑ የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አለ። እኛ እሱን አልፈን ሲልቨር ስፕሪንግ ወርደን ቡናችንን እንጠጣለን። ውስጡ ምን እንዳለ የነገረኝ አንድ ዲያቆን ነው። ጄራልድና ባርባራ ዋይነር የተባሉ ባልና ሚስት የሰበሰቡትን የኢትዮጵያ ጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተውታል፦ ከ100 በላይ የክርስቲያን ብራናዎች፣ ከ200 በላይ የእስልምና ጽሑፎች፣ ከሁለቱም የሚበዛ ደግሞ ክታብ። አዎ፣ ክታብ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ ደብተራ የሚጽፈው፣ እናቶቻችን «ኧረ እኛ ቤት የለም» የሚሉት።

ቀጠሮ ይያዛል፤ መታወቂያ ይታያል። ቦርሳና ካፖርት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ። ነጭ ጓንት ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ እጅህን ታጥበህ በደንብ አድርቅ ተባልኩ። ፊልም ላይ የምናየው ጓንት ለብራና አይበጅም ለካ፤ ጓንት ያደረገ ጣት ቆዳው የት ጋ እንደሳሳ አይለይም፣ የተሰነጠቀ ጠርዝ ይዞ ይቀድዳል። አያቴ ዳዊታቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ነበር። ሥርዓቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ጥቅሉ ሲፈታ ቁመቱ የሰው ቁመት ያህል ነው፤ ወርዱ አራት ጣት ቢሆን ነው። ይህ እንዲሁ የሆነ አይደለም። ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል፤ ጥበቃው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲደርስ። አንድ ቆዳ ያን ያህል ስለማይረዝም የብራና ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው በቀጭን ጠፍር ተሰፍተዋል። ከላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ መሐል ላይ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ በኮከቡ ልብ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይን ያፈጠጠ ፊት። ዓይኖቹ ወደ ጎን ያያሉ። ከሥር «ጸሎተ ቅዱስ ሱስንዮስ በእንተ አሰስሎ ደዌ እምሕፃናት» ይልና ይቀጥላል። ታሪኩን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፦ ውርዝልያ የምትባለው ክፉ የሱስንዮስን ልጅ ትገድልበታለች፤ እሱ ፈረሱን ጭኖ ጦሩን ይዞ ተከታትሎ ይወጋታል። ይህ ጸሎት ልጅ ለሚሞትባት፣ ሾተላይ ላለባት፣ ደም ለሚፈሳት ሴት ይጻፋል።

ከዚያ ስሟ ይመጣል። «ዕቀባ ወአድኅና ለአመትከ…»፣ አገልጋይህን ጠብቃት አድናትም፣ ካለ በኋላ ብራናው ሻክሯል። በቢላ ተፍቋል። የቀደመው ጽሑፍ ቀይ ቀለም ነበር፣ ርዝራዡ ቆዳው ውስጥ ቀርቷል፤ በላዩ በጥቁር ቀለም፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ቦታው ስለጠበበ ፊደሉ ተጨናንቆ «ወለተ ጊዮርጊስ» ተብሎ ተጽፏል። ስሙ በገባበት ቦታ ሁሉ እንዲሁ ነው። ወደ ታችኛው ጫፍ ግን፣ ስፌቱ አጠገብ፣ ፋቂው አንዱን ዘሎታል። «ለአመትከ ወለተ ኪዳን»፤ ቀዩ እንደ ዛሬ ሳይደበዝዝ።

አንድ ክታብ፣ ሁለት ሴት። እናትና ልጅ ይሁኑ፣ ጎረቤት ይሁኑ፣ ምንም የማይተዋወቁ ይሁኑ ብራናው አይናገርም።

ማታ ለመሪጌታ ደወልኩላቸው። አገር ቤት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

«የኔታ፣ ስሙን ለምን ይፍቁታል?»

«ብራና እንደ ወረቀት ከሱቅ የሚገዛ መሰለህ እንዴ? ፍየሉ ሊታረድ፣ ቆዳው ሊወጠር፣ ጠጉሩ ሊፋቅ፣ ፀሐይ ሊበላው። የአንድ ሰው አቅም ነው! የፊተኛዋ ስትሞት፣ ወይ ልጅ ወልዳ ሲያድግላት፣ ክታቡ ለሌላ ይሆናል። ስሙን ፍቆ የሷን ማግባት ነው።»

«አንድ ቦታ ረስቶታል እኮ።»

ሳቁ። «ደብተራም ይደክመዋል፣ ልጄ። ወይ ጠላው ደርሶ ይሆናል።»

ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «ለሷም አልቀረባትም በለኛ» አሉ። ሥራ ላይ ነበሩ፤ መኪና መጣባቸውና ስልኩ ተዘጋ።

ክታብ ቤተ ክርስቲያን የምትደግፈው ነገር አይደለም፤ ብዙ ካህናት በግልጽ ይኮንኑታል። እንደ ብዙ ነገራችን በአደባባይ የሚያወግዘው ሰው ቁጥርና በጓዳ የሚያንጠለጥለው ሰው ቁጥር ግን አይራራቁም። እሱን ክርክር እዚህ አልገባበትም። የኔ ነገር ወዲህ ነው፤ አንዲት የገበሬ ሚስት፣ ምናልባት ከአንድም ሁለት ልጅ የቀበረች፣ ስሟ በዚህ ዓለም ላይ የተጻፈበት ብቸኛው ቦታ ይህ ሊሆን ይችላል። በልጇ መቃብር ላይ አልተጻፈ፤ ግብር የሚከፈለው በባሏ ስም። ዜና መዋዕሉ እቴጌዎችን እንጂ እሷን አያውቃት። ደብተራው ግን አጋንንቱ ማንን እንደማይነኩ በትክክል ማወቅ ስላለባቸው የክርስትና ስሟን ሳይሳሳት መጻፍ ነበረበት። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲም እንዲህ ያለ ክታብ በብዛት አለው። እነዚህን ስብስቦች አንድ ላይ አድርጎ ስሞቹን ብቻ የለቀመ ሰው የአገራችንን ሴቶች መዝገብ ያወጣ ነበር።

ስም ፍለጋ አንዴ ከተጀመረ አያቆምም። ከክታብ ቀጥሎ የወንጌሉ ኅዳግ አለ። ድሮ የመሬት ነገር የሚጻፈው ቤተ ክርስቲያኑ ባለው የተከበረ መጽሐፍ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎችና በዓምዶቹ ዙሪያ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወንጌል ላይ የተጻፈን ነገር ማን ደፍሮ ይፍቃል? ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የታሪክ ተመራማሪ ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የጎንደርን ዘመን እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች ሰበሰበ። ወንጌሉን ለወንጌልነቱ ከፍተው የሚያልፉት ሰዎች ያላዩት አገር ከዚያ ወጣ። እገሌ ርስቱን ለእገሌ ሸጠ፤ ዋጋው ይህን ያህል ወቄት ወርቅ፤ ዳኛው እገሌ፤ ዋሱ እገሌ፤ ምስክሮቹ እነ እገሌ። በሻጮቹም በገዦቹም መሐል ሴቶች አሉ፤ አልፎ አልፎ ሳይሆን በርከት ብለው። «ሴት ርስት አልነበራትም» እያሉ አፋቸውን ሞልተው የሚያስረዱ ሰዎች ሲገጥሙኝ እነዚያ ኅዳጎች ይታዩኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር ልብ በሉ። መሐሉ ላይ ያለው የማቴዎስና የማርቆስ ወንጌል ግእዝ ነው፤ ኅዳጉ ላይ ያለው የመሬት ጉዳይ ግን አማርኛ እየተቀላቀለበት፣ ቆይቶም አማርኛው እያየለ ይሄዳል። ጸሐፊው ተዋዋዮቹ እንዲሰሙት ፈልጎ ነዋ። ገበያ የዋለ፣ ችሎት የቆመ አማርኛ ነው፤ ሊያምር ብሎ የተጻፈ አይደለም።

በእነዚህ መጻሕፍት መጨረሻ የተለመደች ውግዘት አለች፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን። ይህች መስመር ዛሬ በስንት የውጭ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች! አንዳንዴ ከጎኗ የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም አለ። ውግዘቱን ማንበብ የሚችል ሰው በአጠገቡ ስላልነበረ ይሆናል ማኅተሙን የመታው ሰው እጁ ያልተንቀጠቀጠው።

ስለ ኅዳግ እያወራሁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው።

ነገሩ የጀመረው ሩቅ ነው። ከሚኒያፖሊስ በሰሜን ምዕራብ በኩል በመኪና ከሰዓት በላይ የሚያስኬድ፣ ኮሌጅቪል የሚባል ቦታ አለ። ጫካ፣ ሐይቅ፣ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም፣ እዚያው ግቢ ውስጥ የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ። መነኮሳቱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓን ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንዳደረገ አይተዋል፤ ሦስተኛው ቢመጣ ምን ይተርፋል ብለው በ1965 የገዳማትን ጽሑፎች በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ኦስትሪያ። የኢትዮጵያው ሥራ በ1973 ተጀመረ። መነሻው ዋልተር ሃረልሰን የሚባሉ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የሥነ መለኮት ምሁር ናቸው፤ በግእዝ ብቻ የተረፉ ጥንታዊ መጻሕፍትን ፍለጋ መጥተው ሐሳቡን ለኮሱት። ብፁዕ አቡነ ቴዎፍሎስ ፈቀዱ፤ የባህል ሚኒስቴር ገባበት፤ ውሉም አንዱ የፊልም ቅጂ አገር ቤት እንዲቀር፣ ሌላው ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ሆነ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ፓትርያርኩ ከመንበራቸው ወረዱ፣ በ1979 ተገደሉ። ካሜራው ግን አልቆመም። ሥራው እስኪያበቃ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ፊልም ላይ ሰፈሩ።

ፕሮፌሰር ጌታቸው የሸንኮራ ልጅ ናቸው፤ በ1931 የተወለዱ። ካይሮ ተምረው፣ ጀርመን አገር ቱቢንገን ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ስድስት ኪሎ አስተምረዋል። በ1975 ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው ሲመጡ በጥይት ተመቱ፤ ከዚያ ወዲያ ሕይወታቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አሳለፉ። በ1976 ኮሌጅቪል ደረሱ፤ የአገራቸውን መጻሕፍትም እዚያ፣ የማይክሮፊልም ማንበቢያ ውስጥ፣ በረዶ አገር አገኟቸው። ወደ ሐይቅ፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ሸዋ ገዳማት በእግራቸው ሊሄዱ የማይችሉት ሰው ገዳማቱ ፊልም ሆነው ወደሳቸው መጡ።

ሥራውን ከዊልያም ማኮምበር ጋር ሠሩት፤ ካታሎጉ 10 ቅጽ ወጣው፤ 5,000ኛው ብራና ድረስ ይሄዳል። ካታሎግ አንብቦ የሚመሰጥ ሰው እብድ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ የነሱን ካታሎግ እንደ ልብ ወለድ አነበዋለሁ። ዋናው መጽሐፍ ምን እንደሆነ በአንድ ሁለት መስመር ያልፉታል፤ ዳዊት ነው፣ ድርሳነ ሚካኤል ነው፣ አለቀ። ከዚያ ወደ ኅዳጉ ይወርዳሉ፦ እዚህ ቅጠል ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋያተ ቅድሳት ዝርዝር፣ እዚያ ላይ የመሬት ስጦታ፣ መጨረሻው ላይ የባለቤቱ ስም፣ ስሙ ከተፋቀም መፋቁ። ሌላ አገር ያደገ ሊቅ ቢሆን ግማሹን «የተለያዩ ማስታወሻዎች» ብሎ ባለፈው ነበር። ማክአርተር የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ሽልማት በ1988 ሲሰጣቸው ለዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት የተሰጠ ይመስለኛል፤ በ2021 በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ አገር ቤት ያዘነላቸው ሰው ብዛት ደግሞ ምሁር ሆኖ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ምን ያህል እንደተራበ ያሳያል።

ከፊልሞቹ መሐል ተራ ቁጥር 1832 የተሰጠው የሐይቅ እስጢፋኖሱ ወንጌል ነው። አባ ኢየሱስ ሞአ በ1280 ወይም በ1281 ለገዳማቸው የሰጡት ነው፤ የራሳቸው ሥዕል አለበት፤ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም እዚያው ላይ ተጽፏል። ከ700 ዓመት በፊት የተሠራ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ በሉት። ሌላው ደግሞ ደቂቀ እስጢፋኖስ ናቸው፦ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አንሰግድም ብለው የተገረፉት፣ የተሰደዱት፣ ብዙዎቹም የሞቱት መነኮሳት። የንጉሡን ወገን ታሪክ ሁላችን ሰምተናል። የተገረፉት ራሳቸው የጻፉትን ገድል በአማርኛ አቅርበው ሰፊው ሕዝብ እጅ ያስገቡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ናቸው። ያን መጽሐፍ ካነበብኩ ወዲህ ዘርዓ ያዕቆብን እንደ ድሮው ማድነቅ አቅቶኛል፤ ደራሲነቱን ሳልክድ።

አሁን ወደ ጠጣሩ ጥያቄ። እነዚህ ነገሮች እዚህ ምን ይሠራሉ?

መልሱ አንድ አይደለም፤ አንድ ነው የሚሉኝን አልሰማቸውም። የመቅደላው የታወቀ ነው፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተባለ። 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ፤ ሌላው በየእጁ ተበትኖ ዞሮ ዞሮ ማንቸስተርና ካምብሪጅን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ደረሰ። ይህ ዘረፋ ነው። ዘረፋን በጥሩ ሙቀትና በጥሩ መብራት ማስቀመጥ ዘረፋነቱን አያስቀረውም፤ ይመለስ።

አሜሪካ ያለው አብዛኛው ግን በሌላ መንገድ ነው የመጣው። ቱሪስት፣ ሚሲዮናዊ፣ የሰላም ጓድ፣ ዲፕሎማት ከቸርችል ጎዳና ሱቆች የገዛው አለ። ሻጩ ማን ነበር? አንዳንዴ ባለቤቱ፣ የተቸገረ ቄስ ወይም የሞተ አባቱን ዳዊት የሸጠ ልጅ። አንዳንዴ ሌባ። እነዚህን ለይቶ ሳያውቁ ሁሉንም «የተዘረፈ ቅርስ» ማለት የተቸገረውን ሰው መስደብ ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቅጠል እየገነጠሉ የሚሸጡት ነገር ነው። አንድ ዳዊት ሙሉውን ከሚሸጥ ቅጠል በቅጠል ቢበተን ብዙ ገንዘብ ያመጣል። ጽሑፉ ለፈረንጁ ስለማይታየው በላዩ ላይ አዲስ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይሣልበታል። እንዲህ ያለ አንድ ቅጠል አይቻለሁ፤ ዘንዶው አፉን የከፈተው መዝሙር ላይ ነው፣ ፊደሎቹ በጥርሱ መሐል ብቅ ብቅ ይላሉ። ጽሑፉ ስንኝ በስንኝ ስለሆነ ዳዊት መሆኑ ያስታውቃል፤ ጸሐፊው አንዱን ስንኝ በአንድ መስመር ለማብቃት ወደ ጫፉ ሲደርስ ፊደሉን እያሳነሰ፣ እያሳነሰ፣ አልበቃ ሲለው የመጨረሻዋን ቃል ከላይ ሰቅሏታል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከዘንዶ ሥር።

መመለስ ይቻላል? ይቻላል። በ2016 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት፣ እዚሁ ዋሽንግተን ያለው፣ በስብስቡ ውስጥ የተገኘ አንድ ጥንታዊ ብራና ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል። የማይክሮፊልሙ ጥቅም እዚህም አለ፤ በ1970ዎቹ በየት ገዳም፣ የትኛው መጽሐፍ፣ ስንት ቅጠል ሆኖ እንደነበር ፊልም ላይ ካለ፣ ዛሬ ገበያ ላይ ሲወጣ «የኛ ነው» ለማለት ማስረጃ አለ። ፊልም ያልተነሳውን ግን በምን እንለየዋለን?

አገር ቤት የለም እንዳይባል ደግሞ፣ ስድስት ኪሎ አለ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሰው ደግሞ መጽሐፉንም፣ ሥዕሉንም፣ መስቀሉንም ማሰባሰቡን ያዙት። ቤቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ተማሪ ሆኜ ጣሊያን በሠራው ጠመዝማዛ ደረጃና በላዩ በተቀመጠው አንበሳ ሥር ለስንት ቀጠሮ ቆሜአለሁ፤ ብራናዎቹን ለማየት ግን አንድም ቀን አልገባሁም፤ የሚያስገባ ምክንያት የሰጠን ሰውም አልነበረም። ትምህርት ክፍላችን ስለ ምንጭ አጠቃቀም ሲያስተምረን ምሳሌዎቹ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ነበሩ፤ ምንጩ ከመማሪያ ክፍላችን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነበር።

ቤታችሁ የአያት ዳዊት ያለ ካላችሁ፣ ለጌጥ ከተሰቀለበት አውርዱት። ፕላስቲክ አታስለብሱት፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ አትጫኑት፣ የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁት። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ባዶ ቅጠሎች አይታችሁ ፎቶ አንሱ። ስም አለ ወይ? የልደት ቀን፣ የብድር ሒሳብ፣ የዝናብ መጥፋት? በጠርዙ በኩል ባለ ቀለም ክር የተሰፋበት ቅጠል ካለ ባለቤቱ ቶሎ ቶሎ ይከፍተው የነበረው ቦታ ሊሆን ይችላል። የኮሌጅቪሉን ስብስብ ደግሞ ብዙውን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል፤ ተመዝግቦ መግባት ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

እኔ ከክታቦቹ ስም መልቀም ጀምሬአለሁ። በግእዙ በኩል መሪጌታ አሉልኝ፤ ከሥራ ሲወጡ ፎቶ እልካለሁ፣ በድምፅ ይመልሱልኛል። የቸገረኝ በወዲያኛው በኩል ነው። የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲው የእስልምና ስብስብ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው ይባላል። ወሎ ውስጥ፣ በእነ ዳናና ጀማ ንጉሥ አካባቢ፣ ሼኮቹ የአማርኛ መንዙማ በዓረብ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ዐጀም ይሉታል። ቃሉ የኔ፣ ፊደሉ የማላውቀው። በእነዚህ ብራናዎችና ወረቀቶች ኅዳግም የባለቤት ስም፣ የወቅፍ (ለአምልኮ የተሰጠ ንብረት) ቃል፣ የልጅ ልደት ሳይኖር አይቀርም፤ ከክርስቲያኑ ዳዊት ጋር አንድ ገበያ የዋሉ፣ አንድ ወንዝ የተሻገሩ ሰዎች ናቸውና። እዚህ ከተማ ውስጥ ዐጀም አቀላጥፈው የሚያነቡ አባት ወይም እናት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ቀጠሮውን እኔ አስይዛለሁ፤ ወስጄ የማመጣቸውም እኔ ነኝ።